የሚሰፋው መዝገብ፦ ስማችንና ቁጠባችን ኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር



የቁጠባ መዝገባችን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ይዛወር የሚለው ሐሳብ ከቀረበ ወዲህ፣ ቡና በተፈላ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ገንዘቤ እዚያ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ቢጠፋ ማንን እጠይቃለሁ?» አንዳንዶቻችን ጥያቄውን የምናነሣው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው፤ አለማወቃችን እንዳይታይብን። ለእኔ ግን ይህ የአለማወቅ ጥያቄ አይመስለኝም። እንጀራ ጋግራ፣ ጉሊት ተቀምጣ፣ የሰው ልብስ አጥባ ያጠራቀመችውን ብር አሳልፋ የምትሰጥ ሴት፣ ብሯ በምን ዓይነት መዝገብ እንደሚያዝ ማወቅ መብቷ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው «ፕሮግራም መጻፍ ተምረሻልና በቀላል አማርኛ አስረጂን» ሲለኝ እሺ ያልኩት በደስታ ነው።

ዛሬ ስለ ኮምፒዩተር ሁሉንም ነገር አልናገርም። የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ዝርዝር ነው። ማኅበራችን ከሁሉ በፊት የስም ዝርዝር ነው። ቀጥሎ የቁጠባ ዝርዝር አለ፣ የብድር ዝርዝር አለ፣ ለመግባት ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ዝርዝር አለ። ኮምፒዩተር ዝርዝርን እንዴት እንደሚይዝ ከገባን፣ ስማችን በየት በኩል ሊጠፋ እንደሚችልና በየት በኩል እንደማይጠፋ ለይተን እናውቃለን። ያን ጊዜ ፍርሃታችን ቦታውን ለጥያቄ ይለቃል፤ ጥያቄ ደግሞ መልስ አለው።

ልኩ አስቀድሞ የተቆረጠ ዝርዝር

የእንቁላል ትሪ ሁላችንም እናውቃለን። 30 ቦታ አለው። 30 እንቁላል ይይዛል፤ 31ኛዋን የምናስቀምጥበት የለም። ኮምፒዩተር ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር አለ። ባለሙያዎቹ «አሬይ» ይሉታል፤ በአማርኛ «ድርድር» የሚሉትም አሉ። በኮምፒዩተሩ ሚሞሪ ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ እኩል ቦታዎች ማለት ነው።

ጎን ለጎን መሆናቸው ትልቅ ጥቅም አለው። 20ኛውን ለማግኘት ከመጀመሪያው ጀምሮ መቁጠር አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቦታ የት እንደሆነና የእያንዳንዱ ስፋት ምን ያህል እንደሆነ ከታወቀ፣ ማሽኑ በአንዲት ስሌት ቀጥ ብሎ 20ኛው ላይ ይደርሳል። ዝርዝሩ መቶም ይሁን መቶ ሺህ፣ አንዱን ቦታ በቁጥሩ ለማግኘት የሚፈጀው ሥራ ያው ነው።

ችግሩ ልኩ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ለሥራ የበቃው ፎርትራን የሚባለው ቀደምት የፕሮግራም ቋንቋ ሲጀመር፣ ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ገና ሥራው ሳይጀመር «ይህ ዝርዝር ይህን ያህል ቦታ ይኑረው» ብሎ መቁረጥ ነበረበት። ትንሽ ቦታ ከቆረጠ በኋላ የሚመጣው ሰው ቦታ ያጣል። ብዙ ከቆረጠ ደግሞ ሚሞሪው ባዶውን ይያዛል፤ በዚያ ዘመን ሚሞሪ እጅግ ውድ ነበር። ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ የድርድሩን ልክ መወሰን የሚያስችለው አሠራር በቋንቋው ደረጃ ውስጥ የተካተተው ብዙ ዓመታት ቆይቶ፣ ፎርትራን 90 ላይ ነው።

ልኩ የተቆረጠ ዝርዝር ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እቁባችንን አስቡት። 12 ሰው ከጀመረው 12 ዕጣ ይወጣል። በመካከል «እኔም ልግባ» የምትል ሴት ብትመጣ የሁሉም ተራና የሁሉም ገንዘብ ይዛባል። እቁብ ልኩ ከመጀመሪያው የታወቀ ዝርዝር ነው፤ ጥንካሬውም ከዚያ ይመጣል። የዓመቱ ወራትም እንዲሁ ናቸው፤ አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። የእኛ ወራት 13 ናቸው። 12 ቦታ ብቻ ቆርጦ የተሠራ ፕሮግራም ከሌላ አገር ብናመጣ፣ ጳጉሜን የምትገባበት ቦታ የላትም። በጳጉሜን የተቆጠበ ብር ወይ ወደ ነሐሴ ወይ ወደ መስከረም ይገፋል፤ ወይም ፕሮግራሙ ጭራሽ አልቀበልም ይላል። ልኩን የሚቆርጠው ሰው የእኛን ኑሮ ካላወቀ፣ የሚቆርጠው ከእኛ ላይ ነው።

እድር ግን እንደ እቁብ አይደለም። አዲስ ጎረቤት ይገባል፣ የለቀቀ ይወጣል፣ መዝገቡ ይሰፋል። የእኛም ማኅበር በዚህ በኩል እድርን ይመስላል። ስለዚህ የሚያስፈልገን የእንቁላል ትሪ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ዝርዝር ነው። ባለሙያዎቹ «ዳይናሚክ አሬይ» የሚሉት እሱ ነው። እኔ «የሚሰፋ ድርድር» እለዋለሁ።

ድርድሩ እንዴት ይሰፋል?

«ይሰፋል» ስንል እንደ ላስቲክ ይለጠጣል ማለት አይደለም። ሚሞሪ ውስጥ ከዝርዝሩ አጠገብ ያለው ቦታ በሌላ ሥራ ሊያዝ ይችላል፤ የጎረቤትን ግድግዳ አፍርሶ መግባት አይቻልም። ስለዚህ የሚሰፋው ድርድር የሚያደርገው ቤት መቀየር ነው። ሲሞላ ሰፋ ያለ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ የነበሩትን ሁሉ በየተራቸው ወደዚያ ያጉዛል፤ አዲሷን ከመጨረሻ ያስቀምጣል፤ የድሮውን ቦታ ይለቃል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ቋንቋው ራሱ ነው። ፕሮግራም የምትጽፈው ሴት «ይህችን ጨምር» ብቻ ትላለች።

ታዲያ ቤት መቀየር አድካሚ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንዲት አባል በገባች ቁጥር ሁሉም ዕቃውን ተሸክሞ ቢንቀሳቀስ ምን ይሆናል? ቆጥረን እንየው። ከአንድ ቦታ ተነሥተን፣ በእያንዳንዷ ገቢ አንድ ቦታ ብቻ እየጨመርን 1,024 አባላት እስክንደርስ ብንሄድ፣ የሚጓጓዘው ስም በድምሩ 523,776 ጊዜ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ዘዴ እንያዝ። ቦታው በሞላ ቁጥር እጥፉን እንከራይ፤ ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 8፣ እንዲህ እያልን። 1,024 ስንደርስ የተጓጓዘው ስም በድምሩ 1,023 ብቻ ነው። ለአንዲት ሴት አንድ ጉዞ እንኳ አይደርስም።

ይህ አቆጣጠር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእድር ሒሳብ ነው። የለቅሶ ወጪ በአንድ ቀን ሲመጣ ከባድ ነው። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ስለምናዋጣ ግን፣ ከባዱ ቀን ሲደርስ ማንም ብቻውን አይወድቅም። በሚሰፋው ድርድርም አብዛኛው ጊዜ አዲስ ስም መጨመር ቀላል ነው፤ አልፎ አልፎ ቤት የመቀየር ከባድ ቀን ይመጣል። ከባዱ ቀን በቀላሎቹ ቀናት ላይ ሲካፈል ድርሻው ትንሽ ይሆናል። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ሮበርት ታርጃን በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ዓይነት ሒሳብ በወጉ አስቀምጦታል፤ «አሞርታይዝድ» ይባላል። እናቶቻችን ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ኖረውበታል።

ሁሉም ቋንቋ በእጥፍ አያሰፋም። ጃቫ የሚባለው ቋንቋ «አሬይሊስት» የተባለውን ሲያሰፋ የነበረውን ግማሽ ያህል ይጨምራል። ፓይተን ደግሞ በአሁኑ አሠራሩ የነበረውን አንድ ስምንተኛ ገደማ ይጨምራል። ዋናው ነገር ጭማሪው ከዝርዝሩ ጋር አብሮ ማደጉ ነው። ትልቅ ዝርዝር ትልቅ ትርፍ ቦታ ይይዛል፤ ጥቂት ባዶ ቦታ ማባከን ደግሞ ለዚህ የምንከፍለው ዋጋ ነው።

በፓይተን ዝርዝር ስንሠራ

ምሳሌዬን የማሳየው ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ነው። ፓይተንን የጀመረው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ነው፤ ለሕዝብ የቀረበው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በነጻ ይገኛል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሦስተኛው እትሙ፣ ለዝርዝሮቻችን የምንሰጠውን ስም በገዛ ፊደላችን መጻፍ ይፈቅዳል። ትእዛዞቹ ግን ኮምፒዩተሩ ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው። እዚህ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። የሴቶቹ ስሞችና የብር መጠኖቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው።

ባዶ መዝገብ መክፈት እንዲህ ነው፦

አባላት = []

ሁለቱ ቅንፎች ባዶ ሞሰብ እንደማለት ናቸው። የእንጀራው ብዛት አልተጻፈም፤ መጻፍም አያስፈልግም። አሁን እንጨምር፦

አባላት.አፔንድ("አልማዝ")
አባላት.አፔንድ("ብርቱካን")
አባላት.አፔንድ("ጫልቱ")
አባላት.አፔንድ("ዘይነባ")

«አፔንድ» ማለት ከመጨረሻ ጨምር ማለት ነው። አራት ጊዜ ጨመርን፣ አራት ሴቶች ገቡ። ስንት እንደሆኑ ለማወቅ «ሌን(አባላት)» ብለን እንጠይቃለን፤ 4 ይለናል። ከውስጥ ፓይተን ለሚመጡት ብሎ ትርፍ ቦታ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ስንጠይቀው ግን ባዶውን ወንበር እንደ ሰው አይቆጥርብንም።

አንዷን በተራዋ ለመጥራት ቁጥር እንጠቀማለን። እዚህ ላይ አዲስ ተማሪን ሁሉ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ ቆጠራው የሚጀምረው ከ0 ነው። «አባላት[0]» አልማዝ ናት፤ «አባላት[3]» ዘይነባ ናት። ምክንያቱን የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በቀላሉ ትረዱታላችሁ። «ጂ ፕላስ 4» ሕንጻ አምስት ወለል አለው፤ ላይኛው ግን 4ኛ ይባላል፤ ምድር ቤቱ አይቆጠርማ። ቁጥሩ የሚነግረን ከምድር ስንት ደረጃ እንደወጣን ነው። የድርድሩም ቁጥር ከመጀመሪያው ቦታ ስንት እርምጃ እንደራቅን ይነግረናል። አልማዝ ጋ ለመድረስ እርምጃ አያስፈልግም፤ ስለዚህ 0 ናት።

የሌለ ወለል ብንጠይቅስ? «አባላት[4]» ብንል ፓይተን ይቆማል፤ ቁጥሩ ከዝርዝሩ ክልል ውጭ ነው ብሎ ይነግረናል። ይህ መልካም ጠባይ ነው። ሲ የሚባለው ቋንቋ ለምሳሌ በራሱ እንዲህ ብሎ የመከልከል ግዴታ የለበትም፤ ከዝርዝሩ ውጭ ጻፍ ሲሉት የጎረቤት ቦታ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ስሕተትን ጮሆ የሚናገር ፕሮግራም ዝም ብሎ ከሚያበላሽ ይሻላል። ኮምፒዩተር «ስሕተት» ብሎ ሲጽፍባችሁ አትደንግጡ፤ ገንዘባችሁን እየጠበቀላችሁ ሊሆን ይችላል።

በመካከል ማስገባትም ይቻላል፤ «ኢንሰርት» ይባላል። መሰረዝም አለ፤ «ሪሙቭ» በስም ይሰርዛል፣ «ፖፕ» በቦታ ቁጥር ያወጣል። ግን ጎን ለጎን የተደረደሩ መሆናቸውን አትርሱ። ከወፍጮ ቤት ሰልፍ መካከል አንዷ ብትወጣ ከኋላዋ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ወደፊት ይጠጋሉ። ከመጨረሻ ያለችው ብትወጣ ግን ማንም አይንቀሳቀስም። ከመካከል መሰረዝ ከመጨረሻ ከመሰረዝ የበለጠ ሥራ አለው፤ ከዚህም በላይ የሌሎቹን የቦታ ቁጥር ይለውጣል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ስማችን የሚጠፋባቸው በሮች

እስካሁን የነገርኳችሁ ደስ የሚለውን ነው። በሚሰፋ ድርድር የተሠራ መዝገብ ሴትን «ቦታ ሞልቷል» ብሎ የሚመልስበት ምክንያት የለውም። አሁን ደግሞ የምንፈራውን እንየው። ዝርዝሩ ራሱን ያሰፋል እንጂ ራሱን አይጠብቅም። ፕሮግራሙ ያለጥንቃቄ ከተጻፈ ስም ወይም ገንዘብ የሚሳሳትባቸው በሮች አሉ። አምስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው የስም መመሳሰል ነው። «አባላት.ሪሙቭ("አልማዝ")» ስንል ፓይተን የሚሰርዘው መጀመሪያ ያገኛትን አልማዝ ነው። ሁለት አልማዞች ካሉን የለቀቀችው ሁለተኛዋ ሆና ሳለ የምትሰረዘው የመጀመሪያዋ ናት። የዚህ ተቃራኒም አለ፤ አንዲቱን ሴት ሁለት ማድረግ። ፀሐይ በጸሎቱ «ጸ» ወይም በፀሐዩ «ፀ» ብትጻፍ ለእኛ ያቺው ፀሐይ ናት። ለኮምፒዩተሩ ግን አይደለችም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ «ጸ»ና «ፀ»፣ «ሀ»ና «ሐ»፣ «ሰ»ና «ሠ» ቁጥራቸው የተለያየ ነው። ጸሐፊዋ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ብትጽፍ፣ ማሽኑ «እንዲህ ያለች አባል የለችም» ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዷ አባል የማትለወጥ የአባልነት ቁጥር ይኑራት፤ መዝገቡም የሚፈልጋት በቁጥሯ ይሁን። ቁጥሩ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ያላት ቦታ መሆን የለበትም፤ አንዷ በወጣች ቁጥር ቦታ እንደሚለወጥ አይተናልና።

ሁለተኛው በር፣ ስምን በአንድ ዝርዝር፣ ገንዘብን በሌላ ዝርዝር መያዝ ነው። እንዲህ እንበል፦

ስሞች = ["ዘይነባ", "አልማዝ", "ብርቱካን"]
ብር = [900, 2400, 1500]

የዘይነባ 900፣ የአልማዝ 2400፣ የብርቱካን 1500 ነው። አሁን አንድ ሰው ስሞቹን በፊደል ተራ ለማስተካከል «ስሞች.ሶርት()» ይላል። ስሞቹ ብርቱካን፣ አልማዝ፣ ዘይነባ ይሆናሉ። የብሩ ዝርዝር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አሁን ብርቱካን 900 አላት፤ ዘይነባ 1500 አላት። ማንም አልሰረቀም፤ ድምሩም አልጎደለም፤ 4800 የነበረው 4800 ነው። ለዚህ ነው ይህ ስሕተት ቶሎ የማይገኘው። ሒሳብ መርማሪ ድምሩን ቢያይ ትክክል ነው ይላል። የብርቱካን 600 ብር ግን ሄዷል። መድኃኒቱ የአንዲትን ሴት ቁጥር፣ ስምና ገንዘብ እንደ አንድ እስር አድርጎ መያዝ ነው፦

[17, "ብርቱካን", 1500]

እስሩ ሲንቀሳቀስ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ሲሰረዝም አንድ ላይ ይሰረዛል።

ሦስተኛው ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነው። ዝርዝሩን እየቆጠሩ በዚያው መሰረዝ። የብድር ዝርዝራችን ላይ አልማዝ፣ ብርቱካን፣ ጫልቱ፣ ዘይነባ አሉ እንበል። ብርቱካንና ጫልቱ ብድራቸውን ጨርሰው ከፍለዋል። ፕሮግራሙ ከ0 ጀምሮ እያንዳንዷን ያያል። አልማዝ ቦታ 0 ላይ ናት፤ አልጨረሰችም፤ ያልፋታል። ብርቱካን ቦታ 1 ላይ ናት፤ ጨርሳለች፤ ይሰርዛታል። ብርቱካን ስትወጣ ጫልቱ ወደ 1 ትጠጋለች፤ ዘይነባ ወደ 2። ፕሮግራሙ ግን 1ን ጨርሻለሁ ብሎ ወደ 2 ይሄዳል፤ ዘይነባን ያያል፤ ያበቃል። ጫልቱን ማን አያት? ማንም። ዕዳዋን ከፍላ የጨረሰች ሴት በባለዕዳ ዝርዝር ላይ ቀረች። በስብሰባ መሐል ስሟ «አልከፈለችም» ተብሎ ሲነበብ የሚሰማትን አስቡት። ጫልቱ «ከፍያለሁ» ብትል፣ ሌሎቹ ደግሞ «ኮምፒዩተሩ አይዋሽም» ይሏታል። መድኃኒቱ ከሚታየው ዝርዝር ላይ አለመሰረዝ ነው፤ ገና ያልከፈሉትን ብቻ እየለቀሙ አዲስ ዝርዝር መሥራት፣ አሮጌውንም ለማስረጃ ማስቀመጥ።

አራተኛው፣ ቅጂ የሚመስል ግን ቅጂ ያልሆነ ነገር ነው። በፓይተን «መጠባበቂያ = አባላት» ብንጽፍ ሁለት ዝርዝር ያለን ይመስለናል። ያለን ግን አንድ ዝርዝር ነው፤ ስሙ ብቻ ሁለት ሆነ። አንዲት ልጅ ቤት ውስጥ ሚሚ፣ ትምህርት ቤት በመዝገብ ስሟ እንደምትጠራ ማለት ነው። ሚሚ ስትታመም የመዝገብ ስሟ ጤነኛ ሆኖ አይቀርም። «አባላት» ላይ የተሰረዘ ስም «መጠባበቂያ» ላይም የለም። እውነተኛ ቅጂ ለማግኘት «አባላት.ኮፒ()» ብሎ በግልጽ ማዘዝ ያስፈልጋል። በዝርዝሩ ውስጥ ቅድም እንዳልነው እስሮች ካሉ ደግሞ ይህም አይበቃም፤ «ኮፒ» አዲስ ዝርዝር ቢሰጠንም እስሮቹ ለሁለቱም የጋራ ናቸው፤ እስሮቹን ጭምር የሚቀዳው «ዲፕኮፒ» የሚባለው ነው።

አምስተኛው የመብራት መጥፋት ነው። ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። እስካሁን ያወራነው ዝርዝር የሚኖረው ሚሞሪ ውስጥ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በየክፍያው ወዲያው ወደ ዲስክ የሚጻፍ፣ ከዚያም ሌላ ቦታ ቅጂ የሚቀመጥለት መሆን አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እህቶቼ፣ አምስቱን በሮች ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው፣ አንዱም ኮምፒዩተሩ በክፋት የሚሠራው አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሊዘጋው የሚችለው በር ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የሚሠራልን ሰው ሲመጣ ተቀብለነው ዝም አንበል። እንጠይቀው።

የአባላት ብዛት ገደብ አለው ወይ? ካለው ስንት ነው፣ ለምንስ? አባል የምትታወቀው በስሟ ነው ወይስ በማይለወጥ ቁጥር? ስሟና ገንዘቧ የተያዘው በአንድ እስር ነው ወይስ በተለያየ ዝርዝር? አንዲት አባል ስትወጣ ወይም ብድሯን ስትጨርስ መዝገቡ ምን ያደርጋል? ለጳጉሜን ቦታ አለው ወይ? መብራት ከመጥፋቱ ከአንድ ደቂቃ በፊት የከፈለች ሴት ገንዘቧ የት ይገኛል? ሁለት አልማዞች አስገብቶ፣ አንዷን ሰርዞ፣ ዓይናችን እያየ ያሳየን። ስም በሁለት አጻጻፍ ጽፎ ፈልጎ ያሳየን። ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ፕሮግራም መጻፍ መቻል አያስፈልግም። ዛሬ የሰማችሁት ይበቃል።

ለኮሚቴው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲጀምር ደብተሩ አይቅር፤ ለጊዜው ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ። በየወሩ መጨረሻ የጠቅላላው ድምር ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዷ አባል ሒሳብ ከደብተሩ ጋር ይመሳከር። ድምሩ ትክክል ሆኖ የብርቱካን ብር ወደ ዘይነባ እንዴት እንደሚሄድ አይተናልና። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ፓይተን ይማሩ። ሙሉ ባለሙያ እስኪሆኑ አንጠብቅ፤ የተጻፈውን አንብበው «ይህ መስመር ምን ያደርጋል?» ማለት ከቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶችም መማር ይችላሉ። የእድር ሒሳብ የያዘች ሴት የሚሰፋ ድርድር አይከብዳትም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። እስካሁን ስላደረጋችሁልን ሁሉ እናመሰግናለን። ከእንግዲህ «ምን እንግዛላችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁን፣ ከማሽኑ ጎን ለጎን የትምህርት ጊዜንም አስቡልን። ፓይተን በነጻ ይገኛል፤ የማይገኘው አንዲት ሴት ሥራዋን ትታ ቁጭ ብላ የምትማርበት ሰዓት ነው። የዚያች ሰዓት ዋጋ የቀን ገቢዋ ነው። ማሽን ገዝታችሁ ብታስረክቡን ቁልፉ በውጭ ሰው እጅ ይቀራል፤ ከመካከላችን አንዷን ብታስተምሩ ግን ቁልፉ እኛ ዘንድ ይሆናል።

ለመግባት ተራ ለሚጠብቁት እህቶቻችንም እንዲህ ብለን መልስ እንስጥ፦ መዝገቡ በትክክል ከተሠራ ይሰፋል፤ ቦታ የለም ተብላችሁ አትመለሱም። ብንመልሳችሁ እንኳ ገንዘባችን ወይም አቅማችን ስላልፈቀደ ይሁን፣ ተወያይተን የወሰንነው ይሁን። አንድ የማናውቀው ሰው የሆነ ጊዜ ፕሮግራም ውስጥ «ይህ ይበቃቸዋል» ብሎ በጻፈው ቁጥር ምክንያት ግን አንዲትም ሴት ከበር አትመለስ።

ጥያቄ ያላችሁ አሁኑኑ ጠይቁኝ፤ ኮምፒዩተሩ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። የምትፈልጉትን ስም እየጨመራችሁና እየሰረዛችሁ በገዛ እጃችሁ ሞክሩት።